ለሁለት የታዘዘ ማዘርቦርድ

«ወንድምሽን በዪው፤ ቦርዱ ስህተቱን ራሱ የሚያርም ሜሞሪ የማይቀበል ከሆነ ድርሻዬን አልከፍልም» አለኝ ታላቅ ወንድሜ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። «ወንድምሽ» የተባለው ታናሻችን የተቀመጠው ከፊት ለፊቱ ነው፤ ታላቅየው እጁን ቢዘረጋ አፍንጫውን ይነካዋል። እኔ ወደ ግራ ዞሬ፣ ልጁ ያልሰማ ይመስል፣ «ጋሼ እንዲህ እያለ ነው» አልኩት። ታናሼም ቢላውን ከማርማላታው ሳያወጣ፣ «እትዬ፣ በዪው፤ ካርድ የሚሰካበት ሁለት ሰፋፊ ስሎት ከሌለው፣ ሜሞሪው ስህተት ቢያርም፣ ሲፈልግም ጸሎት ቢያደርስ፣ እኔ ግድ የለኝም» አለ። ይህንንም ወደ ቀኝ አደረስኩ። በእኛ ቤት ቁርስ የሚበላው እንዲህ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ሆድና ጀርባ የሆኑ ሁለት ወንዶች፣ በመካከላቸው እንደ ስልክ ሽቦ የተዘረጋሁ እኔ። በምን እንደተጣሉ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ሁለቱም የነገሩኝን ምክንያት አንድ ላይ ባስቀምጠው ሦስተኛ ጠብ ይወጣዋል እንጂ መልስ አይሆንም፤ ስለዚህ «የወንድማማች ነገር» ብዬ አልፋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ጉዳይ ግን የሦስታችንም እንጀራ ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሰርቨር የምንለው አንድ ሳጥን አለ። ታላቅየው የሱቆች ሒሳብ ይሠራል፤ ታናሽየው የሕንፃ ፕላን ይነድፋል፤ እኔ የልብስ ቅድ አወጣለሁ፤ የቀሚሱንና የኮቱን ልክ በኮምፒውተር እየሠራሁ ለልብስ ሰፊዎች እልካለሁ። የሁላችንም ሥራ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ብዙ ኮምፒውተር ያለ ያህል ይሠራል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። እኔ የተረዳሁት ክፍል እንደሚከራይበት ግቢ አድርጌ ነው። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፣ ብቻውን የሚኖር ይመስለዋል፣ ውሃውና መብራቱ ግን አንድ ቆጣሪ ላይ ነው። ጠበኞች እንኳ ሳይተያዩ ይኖሩበታል፤ የኔዎቹ ኖረውበታል። ታዲያ ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣና ማዘርቦርዱን አቃጠለው። ማዘርቦርድ ማለት ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰፊው ሰሌዳ ነው። ዲስኮቹ ተርፈዋል፣ ሥራችንም ተርፏል፤ የሚሰካበት ከሌለ ግን መትረፉ ምን ሊረባ። የተማሪዎች ዩኒፎርም ቅድ ያዘዘችኝ ልብስ ሰፊ በየቀኑ ትደውላለች። እስከ ሰኞ ካላደረስኩላት ሥራውን ለሌላ እንደምትሰጥ፣ ሳትቆጣ፣ በጥሩ አንደበት ነግራኛለች። እንዲህ በጥሩ አንደበት የሚነግር ሰው የሚያደርገውን እንደሚያደርግ ከልምድ አውቃለሁ።

ሰኞ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ ይሠራል። ብሎኬቱ ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ልብስ ማስጫዬን ከያዘብኝ ሰንብቷል። ነገሩን የጨረሰው አጎታችን ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ የፊቱ ክፍሎች ለታላቅየው፣ የኋላዎቹ ለታናሽየው ብሎ ወሰነ። ሰርቨሩን ለሁለት መሰንጠቅ ስለማይቻል፣ ለየራሳቸው ለመግዛትም አቅሙ ስለሌላቸው፣ ባለበት ዕቃ ቤት ይቀመጥ፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ይሁን ተባለ። ግድግዳው በትክክል የት ጋ እንደሚያርፍ እነሱ ከግንበኛው ጋር ይጨርሱ አለ፤ ሁለቱ እንደማይነጋገሩ የረሳው ይመስለኛል። የእኔ ክፍል ከዕቃ ቤቱ አጠገብ፣ ኮሪደሩ መሐል ላይ ነው፤ በሩ ወደ ኮሪደሩ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ። አጎቴ ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ የሁለቱም እህት ነሽ» አለኝ። ያን ዕለት እውነት እውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ቦርዱን እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከሁለቱም ጋር የምነጋገር እኔ ብቻ ነኛ፤ ስለ ቦርድ ማወቄ አልተጠየቀም። ታላቅየው ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ፤ ታናሽየው የራሱን ፖስታ አጣጥፎ ኪሴ ከተተው። ትዕዛዛቸውን እንደ ትምህርት ቤት ግጥም በቃሌ ሸምድጄ ወጣሁ። ታላቅየው፦ ሜሞሪው የሚያርም፣ ድምፅ የማያበዛ፣ መብራት የማይበላ። ታናሽየው፦ የሥዕል ሥራውን የሚያፈጥንለት ትልቅ ካርድ የሚገባበት ስሎት፣ ካርዱም ለእሱ ማሽን ብቻ የሚሰጥ፣ ለማንም የማያጋራ። ሁለቱም፦ ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ፣ ገመዳቸው እንዳይነካካ። በዚህች በዚህች እንኳ ይስማማሉ። «ሁለት የመብራት መሰኪያስ?» ብዬ ለቀልድ ጠይቄ ነበር። ታላቅየው ትንሽ አስቦ «ካለ ጠይቂ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ፊቱ ሁሉ መስታወት ነው። ውስጡ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ሻርፔን ደረብኩ። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። «ለጌም ነው?» አለኝ። ለሰርቨር ነው አልኩት። «ለቢሮ?» ለቤት ነው አልኩት። ቤት ውስጥ ሰርቨር ምን እንደሚሠራ እንዳስረዳው ጠብቆ ሲያየኝ፣ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ እንዲኖሩ ይረዳል ማለት አሳፈረኝና ወደ መደርደሪያው አመለከትኩ። ከመደርደሪያው አንድ ቦርድ አወረደ። ገመድ ሲሰካበት ጠርዙ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ በራ።

«ይሄ ያበራል» አለኝ።

«ማብራቱ ምን ይጠቅማል?»

«ደስ ይላል።»

ለነገሩ ደስ ይላል። ግን ታላቅ ወንድሜ መብራት የማይበላ ነው ያለኝ። ስህተት የሚያርም ሜሞሪ ይቀበል እንደሆነ ጠየቅሁት። ይቀበላል አለኝ። ያርማል ወይ አልኩት። «ይቀበለዋል እንጂ አያርምም» አለኝ፣ ምንም ሳይከብደው። ሜሞሪው ገብቶ ይሰካል፣ ይሠራልም፣ ቦርዱ ግን እንደ ተራ ሜሞሪ ቆጥሮ ነው የሚያሠራው አለ። ይህን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ ባስደገምኩት ቁጥር የሚገባኝ እየቀነሰ ሄደ። የሚያርም ነገር ተቀብሎ ሳያሳርሙ ማስቀመጥ ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው? ወደ ጎን ብዬ ለታላቅየው ደወልኩ፤ «እንግዲያው ምኑን ተቀበለው!» ብሎ እኔን ተቆጣኝ። ለታናሽየው ደወልኩ፤ ስሎቶቹ ለየብቻ መሆናቸውን ጠይቂው አለኝ። ጠየቅሁት። ሻጩ ስሎቶቹን በጣቱ እየነካ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ለየብቻ ናቸው፣ ይኸው» አለኝ። ዓይን ላለው ሰው ለየብቻ ናቸው። ወንድሜ ግን ያለው ሌላ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ዋጋውን ስጠይቅ የሁለቱንም ፖስታ አጥቦ ለሻይ እንኳ የማያስተርፍ ሆነ። አመስግኜ ወጣሁ። በሩ በራሱ ተከፍቶ ሸኘኝ፣ ሻጩ ግን ቀና አላለም።

ከዚያ በኋላ የገባሁባቸው ሱቆች ሁሉ ተቀላቅለውብኛል። አንደኛው ያሳየኝን ሁለተኛው «አይሞከርም» ይለኛል፤ ሁለተኛው ያወደሰውን ሦስተኛው አይቶ ይስቃል። አንድ ሰውዬ ቦርድ ሳይሆን ዝግጁ ኮምፒውተር እንድገዛ መከረኝ። ሌላው አገልግሎቱን ኢንተርኔት ላይ ተከራዩ፣ ለምን ሳጥን ትታቀፋላችሁ አለኝ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥስ ስለው፣ እሱን ኢንተርኔት ለሚሸጥላችሁ ድርጅት ንገሪ አለኝ። እግሬ ዝሎ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ስሎትና ሜሞሪና ቀዳዳ እንደ ባቄላ እየተንኳኳ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት «ጥገና፣ ያገለገለ፣ አዲስ» የሚል ጽሑፍ አየሁና ወረድኩ።

ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው እስከ ጣሪያው በሳጥንና በገመድ ተሞልቷል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ጠጋኟ ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ብርቱካን ትልጣለች። ትዕዛዜን በቃሌ ስወጣላት እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ያን ቀን እስከ መጨረሻ የሰማኝ ሰው እሷ ናት። ከዚያ ሁለት ቦርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። አንዱ አዲስ ነው፤ ትንሽ፣ አራት የሜሞሪ ቦታ ያለው፣ ጸጥ ያለ። ሌላው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ነው፤ ሰፊ፣ ስምንት የሜሞሪ ቦታ ያለው፣ ማራገቢያው የሚጮህ። ሁለቱም ያርማሉ አለችኝ፤ «ከልባቸው» ብላ ጨመረችልኝ። የስሎቶቹንም ነገር ያስረዳችኝ እሷ ናት። አንዳንድ ቦርድ ላይ ስሎቶቹ ለዓይን ተለያይተው በውስጥ ግን ተቧድነዋል፤ አንዱን ለአንዱ ማሽን ሲሰጡት አጠገቡ ያለውም ተከትሎ ይሄዳል። እነዚህ ግን የተለያዩ ናቸው፣ ማንም ማንን አይከተልም አለችኝ። ሁለት ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳም አላቸው። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር።

«ስንት ማሽን ነው የሚነሳበት?»

«ሦስት» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት፤ ስንት እህትና ወንድም ናችሁ ተብዬ የተጠየቅሁ ያህል።

ሦስት ከሆነ ትንሹ ይጨናነቃል፣ ትልቁን ውሰጂ አለች። ትልቁ ግን ከነሜሞሪው ከፖስታዎቹ ድምር ያልፋል። ሳላስፈቅድ መጨመር ስላልፈለግሁ ደወልኩ። ታላቅየው ከበስተጀርባው የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ እየተሰማ፣ «ሁለት ነው እንጂ፤ ሦስት ከየት መጣ?» አለኝ። ሁለት? አልኩት። «የኔ አንድ፣ የሱ አንድ። ለሁለት የሚበቃውን ያዢና ነይ» ብሎ ዘጋው። ለታናሽየው ደወልኩ። እሱ ደግሞ «ሁለት ነው እትዬ» አለኝና ቆም ብሎ፣ «ምነው፣ ሰውየው ለራሱ ሁለት ፈልጎ ነው እንዴ?» አለ። አይደለም አልኩት። «በይ እንግዲህ፣ በሁለቱ ይሁን» አለኝ። ድምፁ የዋህ ነው። እኔን «እትዬ» ብሎ በጠራበት አፍ ነው እኔን ያልቆጠረኝ።

የእኔስ ማሽን? ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ቆሜ ሳስብ ጠጋኟ ብርቱካኗን ጨርሳ እጇን ጠረገች። መጀመሪያ ያሰብኩት ረስተው ነው የሚል ነው። ሰው ይረሳል። ግን ሁለቱም ባንድ ቀን፣ ያውም ያን ሳጥን በየማለዳው የማበራላቸው እኔን? ቀጥዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት የሚል ነው፤ ምናልባት የኔ ቅድ የተቀመጠው ከአንዳቸው ማሽን ውስጥ ይሆናል፣ ምናልባት ለእኔ ብቻ የሚነሳ ማሽን ኖሮኝ አያውቅም ይሆናል። አለኝ እንጂ፤ ራሴ ነኝ የተከልኩት፣ የይለፍ ቃሉንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን እያወቅሁ እንኳ ራሴን ጠረጠርኩ። ሁለት ሰው ባንድ ቃል ሲናገር ሦስተኛው የገዛ ስሙን ይጠራጠራል።

«ሁለት ነው ሦስት?» አለች ጠጋኟ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

አየችኝ። አልሳቀችም፣ አላዘነችልኝም። «ካላወቅሽ ትልቁን ውሰጂ» አለች። «ቦታ ቢተርፍ ይተርፋል፤ ሲጠብ ነው ጉድ የሚፈላው። የተረፈውን ማንም አይጠይቅሽም።» የጎደለውን ከራሴ ቦርሳ አውጥቼ ሞላሁ። ቆርጬ ወስኜ ነው ብል ውሸት ነው። ተናድጄም አልነበረም፤ ለመናደድ ማን ምን እንዳደረገኝ ማወቅ ነበረብኝ። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሲገባ አየሁት፣ ይኸው ነው። ትልቁን ቦርድ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አስተኛችልኝ፣ እንዳይጫኑብሽ ጭንሽ ላይ አድርጊው አለችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ኬክ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አይ አልኳቸው፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም፣ ደግ ሴት ናቸው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ባላ ያለኝ ሴት ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ሁለት ወንድም፤ አንዱ ቢያኮርፍ አንዱ አለ። ሌሎች ሴቶች አንድም አጥተው። የአንዱን ቃል ለአንዱ ሳቀብል፣ ከቃሉ ላይ እሾሁን እየነቀልኩ፣ ሲያስፈልግም ያልተባለ ደግ ነገር ጣል እያደረግሁ፣ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ እኩራራ ነበር። አሁን ሳስበው የስልክ ሽቦን ማን ከቤተሰብ ይቆጥራል? ይህን ሳሰላስል የምወርድበትን ቦታ አልፌ ወረድኩና ወደ ኋላ ተመልሼ ተጓዝኩ።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ግንበኛው ለሰኞ ልኩን ሊወስድ መጥቷል። ኮሪደሩ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ በጠመኔ የነጣ ክር ይወጥራል። መሬቱ ላይ አንድ ነጭ መስመር ከክፍሌ በር ወዲህ ተሰምሯል። ሌላ ነጭ መስመር ከዕቃ ቤቱ ወዲያ ተሰምሯል። እኔ የመጀመሪያውን ተራምጄ ቁልፌን ስፈልግ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ይሄ በር የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል፤ በማን በኩል ነው ማለቴ ነው።»

ቁልፌን መፈለጌን ተውኩ። እሱም ግራ እንደገባው እየነገረኝ ጉልበቱን አራገፈ። ታላቅየው ጠዋት ጠርቶ መስመሩ እዚህ ጋ ይሁን ብሎታል፤ ታናሽየው ከቀትር በኋላ ጠርቶ እዚያ ጋ ብሎታል። አንድ ግድግዳ መስሎት ለአንድ ነበር የተዋዋለው፤ ለካስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነው ያዘዙት። «ለእኔ ሥራ ነው፣ አልጠላም» አለኝ። «ግን መሐል ላይ ያለው ክፍል መውጫ የለውም። ሁለቱንም ጠይቄያለሁ። ለሰርቨሩ ገመድ ቀዳዳ ተውልኝ ብለውኛል፣ ሁለቱም፤ ልኩን ሳይቀር ነግረውኛል። ስለ በር የነገረኝ የለም።»

ቀዳዳዎቹ የሚወጡበት ቦታ በእርሳስ ተከቧል፤ አንዱ በዚህኛው ጎን፣ አንዱ በዚያኛው። አውራ ጣቴን የሚያሳልፉ ናቸው። በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ካርቶኔን ታቅፌ፣ ዕቃ ቤቱን በቀኜ ክፍሌን በግራዬ አድርጌ ቆምኩ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ በጠመኔ ተሰምሮ አይቼው ግን አላውቅም። ሁለቱንም በየስማቸው ጠራኋቸው። ታላቅየው መነጽሩን እያወለቀ ከፊት መጣ፤ ታናሽየው እርሳስ እንደያዘ ከኋላ መጣ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስመር ሳያልፉ ቆሙ።

«ግድግዳው ሲያልቅ እኔ በየት በኩል ነኝ?» አልኳቸው።

ታላቅየው ወደ ታናሽየው አየ። ታናሽየው ወደ ታላቅየው አየ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ ቃል ሳያሳስቱ፣ «ከሱ ጋር ያለሽ መስሎኝ» አሉ።

 ግንበኛው ክሩን እንደያዘ ጣሪያውን ያያል። ታላቅየው ቀስ ብሎ፣ ልጁን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፣ ምግቡንም ልብሱንም የምታዪለት አንቺ ነሽ፣ ትተሽው አትሄጂም ብዬ ነው አለኝ። ታናሽየው ደግሞ፣ ጋሼ ታላቅ ነው፣ እህት ከታላቅ ጋር ነው የምትሆነው፣ ደግሞ አንቺ ያለሱ ቃል ምንም አታደርጊም ብዬ ነው አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፋትን ተቆጥቼ እመልሰው ነበር። ይሄን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። 

«ቦርዱስ?» አለ ታናሽየው፣ ወሬ ለመቀየር። «ስንት ይይዛል?»

«ሦስት።»

እርሳሱን ይዞ ቀረ። በዓይኑ ሲቆጥር አየሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እኔ ላይ ደረሰና ፊቱ ቀላ። «ዩኒፎርሙ…» አለ። አዎ፣ ዩኒፎርሙ አልኩት። ታላቅየው ይህን ሰምቶ ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ከእኔ ጋር ትሁን። ይህን መስመር ወዲያ ግፋው» አለው ግንበኛውን። «ለምን ካንተ ጋር?» አለ ታናሽየው። «የኔን መስመር ነው ወዲህ መግፋት።» «ታላቅ ማን ነው?» «ሲከፋፈል የት ነበርክ? አንተ አይደለህም እንዴ ትቆጠራለች እንኳ ያላልከው?» «አንተስ ብለሃል?» ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን፣ በእኔ በኩል ሳያልፍ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ለምኛለሁ፣ ስንት ጊዜ ለሁለቱም የሌለ ሰላምታ ፈጥሬያለሁ። ሲመጣ እኔን እንደ ቁም ሳጥን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱበት ሆኖ መጣ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ እስኪጠፋኝ ድረስ ሰማኋቸው። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ካርቶኑ ከበደኝ።

ከሁሉ ሥራው ያስቸኮለው ግንበኛው ነው። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሊመሽብኝ ነው» አለ፤ ሁለቱ ሲተዉት ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ በሩን በየት በኩል ላውጣው?»

ያን ቀን ስለ ሜሞሪም፣ ስለ ስሎትም፣ ስለ ቀዳዳም ስጠየቅ ውያለሁ፤ ሁሉንም የሰው መልስ ነው የመለስኩት። ለዚህኛው ያቀበለኝ ሰው የለም። በእውነት አላውቅም ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«በመስኮቱ» አልኩት።

ቁልፉን አውጥቼ በሩን ከፈትኩለት። ግንበኛው ወደ ክፍሌ ገባ፣ መስኮቱን ከፍቶ ወደ መንገዱ ብቅ ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ማፍረስ ነው፣ ይቻላል አለ። ታላቅየው መስመሩን ሳያልፍ አንገቱን አሰግጎ፣ «ወደ መንገድ? በቀጥታ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እና ወደ እኛ ስትመጪስ በየት ትመጫለሽ?»

«ዞሬ መጥቼ አንኳኳለሁ» አልኩት። «እናንተም እንደዚያው።»

ታናሽየው ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። እኔም ራሴ ቀልጄ ይሁን ከልቤ ይሁን አላወቅሁም፤ አንኳኩቼ የሚከፍትልኝ የትኛው እንደሆነም አላወቅሁም። ግንበኛው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ከመስኮቱ ጠርዝ እስከ ወለሉ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አወረደ።